ሦስት ረጅም

ላፍቶ ውስጥ ጋሽ ሮበሌን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወይ ትናንት ቤት የተከራየ ነው፣ ወይ ጎረቤቱን የማይቀብር ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ የጨፌው ሰፈር እድር ጥሩምባ ነፊ እሳቸው ናቸው። ላፍቶ ገና ጤፍ ይዘራባት በነበረ ጊዜ፣ ጎህ ሲቀድ ጉብታው ላይ ቆመው ሲነፉ ድምፁ እስከ ለቡ ይሰማ ነበር ይባላል። እንዲህ የሚሉት እንኳ በብዛት እሳቸው ራሳቸው ናቸው።

የእድሩን ሥርዓት ሕፃን ሳይቀር ያውቀዋል። አንድ ረጅም ከተነፋ ስብሰባ አለ ማለት ነው። ሁለት ረጅም ከሆነ ከአባል ቤተሰብ ሰው አርፏል። ሦስት ረጅም ከተነፋ ግን የሞተው አባሉ ራሱ ነው፤ ያኔ ሱቅ ይዘጋል፣ ነጠላ ይዘቀዘቃል፣ ድንኳን ይወጣል። ጋሽ ሮበሌ ነፍተው ሲጨርሱ ደግሞ በየቅያሱ እየዞሩ፣ በየበሩ እያንኳኩ፣ ያረፈው ማን እንደሆነ ለየሰዉ ይናገሩ ነበር።

አንድ ክረምት ላይ ለውሃ ቧንቧ ተቆፍሮ የተተወ ቦይ ጉድ ሠራቸው። ጥሩምባውን አፋቸው ላይ እንዳደረጉ ሲጣደፉ ጭቃው አንሸራቶ ቦዩ ውስጥ ከተታቸው፤ ጥሩምባው የፊት ጥርሳቸውን ጠራርጎ አወረደው። ሰው ሠራሽ ጥርስ ተሠራላቸው። እሱም ድዳቸውን እየቆረጠ ቢያስቸግራቸው ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? የቤታቸውን ሞረድ አወጡና ከግራ በኩል ትንሽ፣ ከቀኝ በኩል ትንሽ ሞረዱት። ከዚያ ወዲህ ጥርሱ አፋቸው ውስጥ እንደ ባጃጅ በር ይንኳኳል። ጥሩምባው ላይ ሲነፉም ከሁሉም አቅጣጫ ትንፋሽ ይወጣል እንጂ ድምፅ የሚባል ነገር የለም። ሲናገሩ ፊ ፊ ማለታቸውን ባወቁ ጊዜ አፈሩ፤ በየበሩ መዞሩንም ያኔ እርግፍ አድርገው ተዉት።

ደግነቱ፣ ከመውደቃቸው በፊት እድሩ የተመሠረተበት ቀን ሲከበር አነፋፋቸውን አንዱ በስልኩ ቀድቶት ነበር። አንድ መሥሪያ ቤት አሮጌ ኮምፒውተሮቹን ሲያስወግድ ደግሞ አንዱ ለእድሩ ደረሰ። ቅጂው ኮምፒውተሩ ውስጥ ገባ፤ እድር ቤቱ ጣሪያ ላይ ትልቅ ድምፅ ማጉያ ተሰቀለ። ማጉያውን የገጠመው ሰውዬ የትኛው ሽቦ የምን እንደሆነ መለየት ሲያቅተው፣ ከማሽኑ ውስጥ ድምፅ አለው የተባለውን ሽቦ ሁሉ ሰብስቦ አንድ ላይ አሰረው። ስለዚህ ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር፣ ሌላ ቦታ ቢሆን ባለቤቱ ብቻ የሚሰማት "ጢጥ" የምትል ነገር፣ በመላው ላፍቶ ላይ "ጢጥ" ትላለች። ሰው ለመደው፤ "በፍቃዱ ገባ" ይላል፣ አለቀ። በፍቃዱ የእድሩ ጸሐፊ ነው፤ ባንክ የሚሠራ፣ ሸሚዙ ተጨማዶ የማያውቅ ወጣት።

ጋሽ ሮበሌ በዚህ ዝግጅት ቅር አላላቸውም። ማሽኑን የሚያስነሳው በፍቃዱ ይሁን እንጂ ድምፁ የእሳቸው ነው። ጉባኤ ላይ የፊት ወንበር ይሰጣቸዋል፤ ሰው ሲያስተዋውቃቸውም "ጥሩምባ ነፊያችን ናቸው" ይላል እንጂ "ነበሩ" አይልም። ቤታቸው ሻይ ይዘው ተቀምጠው ራሳቸው ሲነፉ ይሰሙና ብድግ ይላሉ፤ ጋቢያቸውን ያጣፋሉ፤ ከዚያ የሚሄዱበት ስለሌለ ተመልሰው ይቀመጣሉ። ባለቤታቸው እትዬ ለሊሴ ይህን እያዩ ሳቃቸውን ይውጣሉ። ጋሽ ሮበሌ ግን በሰው መካከል ያላቸው ቦታ ይቺ ድምፅ ብቻ እንደሆነች ያምኑ ነበር። እሷ ከጠፋች ጥርስ የሌለው ሽማግሌ ብቻ ሆነው የሚቀሩ ይመስላቸዋል።

ጣጣው የመጣው በፍቃዱ አዲስ ፕሮግራም ከጫነ ወዲህ ነው። የአባላቱ ሁሉ ፎቶና ስልክ የሚገባበት ዘመናዊ ነገር ነው ተባለ። ማሽኑ ግን ዕድሜው የገፋ ስለሆነ አንዱን ሲያነሳ ሌላውን ይጥል ጀመር። የአቶ ግዛው እናት ያረፉ ዕለት ሁለት ረጅም መነፋት ሲገባው፣ ጠዋት አንዱን ነፋና ቀጥ አለ። አንድ ረጅም ደግሞ ስብሰባ ነው፤ ሰው ቅሬታውን አዘጋጅቶ እድር ቤቱ በር ላይ ተኮለኮለ። ሁለተኛው ከምሳ በኋላ መጣ። ሟቿ ተቀብረው ሰው ከቀብር መልስ እጁን ሲታጠብ፣ ማሽኑ ማንም ሳያዘው አንድ ጊዜ ደገመ። ሲደመር ሦስት ረጅም ሆነ። ይኼኔ ሐዘንተኛው ግዛው ክው ብሎ "እኔን ነው እንዴ?" አለና ደረቱን በእጁ ዳሰሰ።

ኮሚቴው ተቆጣ። በፍቃዱ ጥፋቱ የፕሮግራሙ ሳይሆን የማሽኑ እንደሆነ፣ ማሽኑ ሜሞሪ እንዳነሰው አስረዳ። እስከሚቀጥለው እሑድ ጉባኤ ካልተስተካከለ ጥሩምባ የሚባል ነገር ይቀርና ለአባላት በስልክ መልእክት ይላካል ተብሎ ሐሳብ ቀረበ፤ ሊቀመንበሩም ተስማሙ። ጋሽ ሮበሌ ሜሞሪ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁ።

"ማስታወሻ እንደማለት ነው፣ ጋሼ" አለ በፍቃዱ። "ማሽኑ ማስታወስ አቅቶታል።"

ጋሽ ሮበሌ ይህን በራሳቸው መንገድ ተረዱት። ማሽኑ ጥሩምባቸውን መሀል ላይ እያደረሰ እየረሳው ነው ማለት ነው። ነገ ከነገ ወዲያ ጨርሶ ሊረሳው ነው። እዚያው ኮሚቴው ፊት ቆመው፣ ሜሞሪውን ራሳቸው ፈልገው እንደሚያመጡ ቃል ገቡ። በፍቃዱም ገላገሉኝ ብሎ ማሽኑን አስረከባቸው።

ሐሙስ ዕለት የማሽኑን ሳጥን በጋቢ ጠቅልለው በሚኒባስ ወደ ጎፋ ሄዱ። ወያላው የተጠቀለለውን ነገር አይቶ ሰው ነው ዕቃ ብሎ ጠየቃቸው። እሳቸውም "ታማሚ ነው" ብለው መለሱለትና የመስኮቱን ወንበር አስለቀቁ። ጎፋ ላይ ኮምፒውተር የሚጠግን ሙሄ የሚባል የታወቀ ባለሙያ አለ፤ ሱቁ ስልክ ከሚያህለው እስከ ቁም ሣጥን የሚያህለው የተፈታታ ዕቃ ሞልቶታል። ሙሄ ሳጥኑን ከፈተና በመንፊያ ሲነፋው፣ ከእድር ቤት የመጣ አቧራ ሁለቱንም አስነጠሳቸው።

ሙሄ ትዕግሥተኛ ሰው ነው። ከማሽኑ ውስጥ ጥፍር የምታህል ሳይሆን ጣት የምታህል ረዘም ያለች አረንጓዴ ሰሌዳ ነቅሎ አሳያቸው፤ ከታች በኩል የወርቅ ጥርስ የመሰለ ነገር ተደርድሮባታል። ሜሞሪ የምትባለው ይቺ ነች አላቸው። ዲዲአር ቱ ናት፤ ሁለተኛ ትውልድ ማለት ነው። አሁን ሰው አምስተኛው ላይ ደርሷል። የዚህኛው ዓይነት ገበያ ላይ የለም፤ ቢገኝ ቆራሌው ጆንያ ውስጥ ነው፤ መርካቶ ያሉ ሰዎችን ጠይቆ ሰኞ እንደሚነግራቸው ቃል ገባ። ጋሽ ሮበሌ ሰኞ ምን ያደርግልኛል፣ ጉባኤው እሑድ ነው አሉ። ሙሄም ድምፅዎ ከሆነ የሚያሳስብዎት አይጨነቁ፣ ድምፅዎ ያለው ሜሞሪው ላይ ሳይሆን ሌላ ቦታ ነው ብሎ ነገሩን ሊያቀልላቸው ሞከረ። ሜሞሪ መክተፊያ ነች፣ ሽንኩርቱ ያለው ጓዳ ነው አላቸው።

"እና የስልኬ ሜሞሪ ላይ ዘፈን አይደል ያለው?" አሉ ጋሽ ሮበሌ።

"እሱም ሜሞሪ ይባላል፣ አባቴ፤ ግን ሌላ ሜሞሪ ነው።"

"ስሙ አንድ፣ ሥራው ሌላ! ታዲያ ያልገባው ማሽኑ ነው እኔ?"

 ሙሄ ማስረዳቱን በዓይን ይሁን ብሎ ከካርቶን ውስጥ አንዲት የሦስተኛ ትውልድ ሜሞሪ አወጣና ከሁለተኛዋ ጎን አስተኛት። ቁመታቸው እኩል፣ ጥርሳቸው እኩል። ልዩነታቸው ከጥርሱ መሀል ያለችው ክፍተት ብቻ ናት፤ የአንዷ ክፍተት ከሌላዋ ትንሽ ፈቀቅ ብላለች። ማሽኑ ውስጥ ደግሞ በክፍተቷ ልክ አንዲት ጉብታ አለች፤ ካልገጠመች አታስገባም። የሠሩት ሰዎች ሆን ብለው ነው፣ የማትሆን እንዳትገባ አላቸው። ጋሽ ሮበሌ ሁለቱን አገላብጠው፣ በአውራ ጣታቸው ለክተው፣ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው አዩ። ይቺማ የአንድ ጤፍ ቅንጣት ጉዳይ ናት ብለው በልባቸው ናቁት። ሙሄ ሽማግሌው ሲያዝኑ አይቶ፣ ለቁልፍ መያዣ ትሁንዎ ብሎ የሦስተኛውን ትውልድ ሜሞሪ ሸለማቸው፤ እሳቸውም ማሽኑን ይዘው ወደ እድር ቤት መለሱት።

እንግዲህ ሙሄ ምን ያድርግ? ጋሽ ሮበሌ በሞፈርና በቀንበር ያደጉ ሰው ናቸው። ማረሻ ለድግሩ አልገጥም ቢል ድግሩ ይጠረባል፤ መጥረቢያ እጀታው አልገባ ቢል እጀታው ይላጋል። በዕድሜያቸው ሙሉ ያልገጠመ ነገር ሁሉ በመጥረብና በመሞረድ ሲገጥም ነው ያዩት። አፋቸው ውስጥ ያለው ጥርስ የዚህ ተቃራኒ ምስክር መሆኑ ትዝ አላላቸውም።

ቅዳሜ ጠዋት እትዬ ለሊሴ ጎመናቸውን ይዘው ለቡ ገበያ እንደወጡ፣ ጋሽ ሮበሌ ሞረዳቸውን በጋቢያቸው ሸሽገው እድር ቤት ገቡ። የእድር ቤቱ ቁልፍ ያለው በእሳቸውና በበፍቃዱ እጅ ብቻ ነው። ሰው ድንገት እንዳይገባ በሩን ከውስጥ ቆልፈው ቁልፉን እዚያው ተዉት። ጥርሳቸው እየተንኳኳ አላሠራ ስላላቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። መጀመሪያ የስልካቸውን ሜሞሪ ነበር የሞከሩት፤ ስልካቸውን በትነው ትንሿን ካርድ ማስገቢያው አፍ ላይ ሲያደርጓት ተንሸራታ ውስጥ ገባችና የገባችበት ጠፋ። ከዚያ ወደ ሞረዱ ዞሩ።

የሙሄን ስጦታ ረጅም ጊዜ ሞረዱ። የወርቅ ብናኝ የመሰለ ነገር ጋቢያቸው ላይ ወረደ። ክፍተቷን ወደሚፈልጉት ቦታ አስፍተው፣ እፍ ብለው፣ የዱሮዋን ነቅለው፣ ማስገቢያው ላይ አድርገው በሁለት አውራ ጣታቸው ጫን ሲሉ ቀጭ ብላ ገባች። ደስታቸው ወሰን አጣ። ያንን የጎፋ ልጅ በዚያች ቅጽበት እንዴት እንዳዘኑለት! ይህን ሁሉ ዓመት ተምሮ አንዲት ሞረድ መግዛት አቃተው ብለው አሰቡ። ሽቦውን ሰክተው ማሽኑን ከፈቱት።

ማሽኑ የሰጡትን ነገር አላወቀውም። ሜሞሪ የሌለው ኮምፒውተር ደግሞ ያለችውን አንዲት ነገር ነው የሚያደርገው፤ ይጮኻል። ጩኸቱም ያቺ አጭር "ጢጥ" አልነበረም። ረጅም፤ ዝም። ረጅም፤ ዝም። ረጅም። ጣሪያው ላይ ያለው ማጉያ ያንን ተቀብሎ ወደ ላፍቶ፣ ከላፍቶ አልፎ ወደ ለቡ መንገድ ለቀቀው።

 ጋሽ ሮበሌ ሶኬቱን ነቀሉት፤ መብራት ሲጠፋ የምትተካው ባትሪ ሥራዋን ተረክባ ማሽኑ መጮኹን ቀጠለ፤ ባትሪዋም በበኩሏ መንጣጣት ጀመረች። ማጥፊያውን ነካኩ፣ ሳጥኑን በጥፊ መቱት፣ ኧረ በሕግ አምላክ አሉት። በመጨረሻ በጀርባው ያገኙትን ሽቦ ሁሉ መዥርጠው ሲነቅሉ ጸጥ አለ። ግን ምን ዋጋ አለው? ሦስቱ ረጅም ደርሷል። ከውጭ የሱቅ መዝጊያ ሲወርድ ይሰማቸዋል።

ሰው ተግተልትሎ መጣ። የእድሩ ዕቃ፣ ድንኳኑም አግዳሚውም፣ ያለው እድር ቤት ውስጥ ስለሆነ፣ ሁሉም የቆመው ጋሽ ሮበሌ ከቆለፉት በር ደጅ ነው። አንዱ ሌላውን ማን ነው ማን ነው ይላል፤ የሚያውቅ ጠፋ። ማሽኑ እንደሆነ ነፍቶ ዝም ብሏል፤ ማሽን ማን እንደሞተ አያውቅም። ለማንኛውም ድንኳኑ ይውጣ ተባለ። ቁልፍ ያለው ጋሽ ሮበሌ ነው፣ ጥሩት አሉ። ሰው ወደ ቤታቸው ሮጠ፤ የሉም። ስልክ ተደወለ፤ ስልኩ አይሠራም። ይህን ወሬ ይዞ የመጣው ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ የሞተው ማን እንደሆነ ለሕዝቡ ገባው። ከዚያ አንዲት ሴት እዬዬዋን አቀለጠችው።

ጋሽ ሮበሌ ወጥተው አለሁ ማለት ነበረባቸው። እኛም ብንሆን እንደዚያ እንላለን። እሳቸው ግን አንድ እጃቸው ላይ ሞረድ፣ ጠረጴዛው ላይ የተበተነ የእድር ንብረት፣ አፋቸው ባዶ። በጉባኤው ዋዜማ እድሩን ማሽን አልባ ያደረገ ሰው ሆነው ከሚወጡ ሞተው ቢቆዩ ይሻላቸው መሰለ። ደግሞ እውነቱን እንናገር፤ ስለ ጥሩምባቸው ምን እንደሚባል መስማትም አማራቸው። ጆሯቸውን በሩ ላይ ለጠፉ።

በሩ አጠገብ የቆመው አብደላ ነበር፤ እድር ቤቱ ጎን ሱቅ ያለው፣ ነገር የማያሳምር ሰው።

"ይቅር ይበለኝ" አለ አብደላ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ። "ጥሩምባውን ግን አልወድለትም ነበር። ሆዴን ነበር የሚያገላብጠው።"

ብዙ ሰው አዎ አዎ አለ። አንዷ ልጆቿ በጥሩምባው እየባነኑ ስንት ዓመት እንዳሰቃዩዋት ተናገረች። ሌላው ጥርሳቸው ሲወልቅ አዝኖም ደስ ብሎትም እንደነበር እያለቀሰ ተናዘዘ። ጋሽ ሮበሌ እንባቸው መጣ። ያን ያህል ዓመት የነፉት፣ ስለ እሷ ሲሉ ጎፋ ድረስ የተንከራተቱላት ድምፅ ይቺ ናት። ቀስ ብለው ቁጢጥ አሉ። አብደላ ግን አልጨረሰም ነበር።

"እኔ የምወድለት" አለ፣ "ከነፋ በኋላ ሱቄ በር ላይ ቆሞ ማን እንደሆነ ሲነግረኝ ነው። አጠገቤ ቆሞ፣ ቀስ ብሎ። ከማሽኑ ወዲህ የምቀብረውን ሰው የማውቀው ድንኳን ውስጥ ከተሰቀለው ፎቶ ነው።"

ከዚያ በፍቃዱ ቁልፉን ይዞ ከሥራ እያለከለከ ደረሰ። ቁልፉን ቢያስገባ አልገባ አለው፤ ከውስጥ ሌላ ቁልፍ ተሰክቶበታል፣ እሱ ግን ይህን በምን ያውቃል? ገፋ፣ አወዛወዘ፣ ላቡን ጠረገ። ቁልፉ ከዱሮው ቁልፍ ጋር አንድ አይደለም መሰል፣ ጥርሱ አልገጠመም አለ። አብደላም፣ እንግዲህ ከጭንቀት ነው፣ ሱቄ ውስጥ ሞረድ አለ፣ ቁልፉን ከጎኑ ትንሽ እንሞርደውና ይገባል ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ብዙ ሰው ደገፈው። ሞረድ ይምጣ ተባለ።

ይኼኔ ጋሽ ሮበሌ መቻል አቃታቸው።

"ተዉ" አሉ ከውስጥ። "በሞረድ አይሆንም። እኔ ሞክሬዋለሁ።"

በዚያች ሰዓት እድር ቤቱ ደጅ የሆነውን መተረክ ያስቸግራል። ከፊት ያለው ወደ ኋላ ሸሸ፣ ከኋላ ያለው ምን እንደተባለ ለመስማት ወደ ፊት ገፋ፤ በፍቃዱ የባንክ ሸሚዙን እንደለበሰ መሬት ላይ ተዘረጋ። አብደላ ብቻ ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም፤ እግሩ እምቢ ብሎት ነው። በሩ ሲከፈት ጋሽ ሮበሌ ጋቢያቸው ላይ የወርቅ ብናኝ እንደተነሰነሰ፣ ሞረዳቸውን እንደያዙ ብቅ አሉ።

እትዬ ለሊሴ የደረሱት በዚህ መሀል ነው። ለቡ ገበያ ላይ ወሬው ደርሷቸው፣ ጎመናቸውን ጥለው፣ ሻሻቸው ወልቆ፣ በባጃጅ ሲያለቅሱ የመጡ ናቸው። ባላቸውን ቆመው ሲያዩ እዚያው አፈር ላይ ቁጭ አሉ። ቆይተው ተነሡ፣ ወደ ውስጥ ገቡ፣ ከጠረጴዛው ላይ ጥርሱን አንሥተው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት፣ መጥተው መዳፋቸው ላይ አስቀመጡላቸው።

"ለሰው ሁሉ ስታረዳ ኖረህ" አሏቸው፣ "የአንተን ከባጃጅ ነጂ ልስማ?"

 ጋሽ ሮበሌ ጥርሱን ጨብጠው መሬት መሬት አዩ። ከማሽኑ ይልቅ፣ ከጉባኤው ይልቅ፣ ይቺ ነገር ነው ቅስማቸውን የሰበረችው።

ሊቀመንበሩ ሥርዓት አክባሪ ሰው ናቸው። ሕዝቡን ጸጥ አሰኝተው፣ የተነፋ ሞት ሳይሻር ሊያድር እንደማይችል፣ ሥራ ጥሎ የመጣም፣ እየመጣ ያለም፣ ቤቱ ሆኖ የሚያለቅስም እንዳለ ተናገሩ። ማሽኑ እንደሆነ አልቆለታል፤ ከእንግዲህ በስልክ መልእክት ይሆናል፤ እሑድ ጉባኤው ያጸድቀዋል። ጋሽ ሮበሌ ይህን ሰምተው ደረታቸው ውስጥ የሚሰበር ነገር ጠበቁ። ምንም አልተሰበረም። ነገር ግን፣ አሉ ሊቀመንበሩ፣ ለዛሬው መልእክት የሚልክልን ፕሮግራም የለም፤ እንግዲህ ጋሽ ሮበሌ አለመሞትዎን ማን ይናገር?

ጋሽ ሮበሌ ጥርሳቸውን ኪሳቸው ከተቱና ጋቢያቸውን አራግፈው መንገድ ጀመሩ።

ያን ዕለት ከሰዓት በየቅያሱ ዞሩ። በር ያንኳኳሉ፤ የሚከፍተው ሰው ወይ ይጮኻል፣ ወይ ያማትባል፣ ወይ አንገታቸው ላይ ይጠመጠማል። እሳቸው ፊ ፊ እያሉ "ስህተት ነው፤ አልሞትኩም" ይላሉ። በጥርሳቸው የሳቀ አልነበረም። ኮንዶሚኒየሙ ላይ አንዲት አዲስ ተከራይ ማን እንደሆኑ ሳታውቅ፣ እንኳን አልሞቱ ብላ ውሃ አጠጣቻቸው። አንዱ ቤት ግቡ ሲሏቸው፣ አንዱ ቤት ስለ ልጃቸው ሠርግ ሲነግሯቸው፣ ፀሐይዋ ዘቅዘቅ አለች። በሩን የዘጋባቸው ግዛው ብቻ ነበር፤ እሱ ከእናቱ ቀብር ወዲህ በድምፅ ነገር ቀልድ አያውቅም።

በመጨረሻ የቀረችው የእማማ ትሩፋት ቤት ነበረች። በሁለት ፎቅ መካከል ተጨብጣ የቀረች የጭቃ ቤት ናት። እማማ ትሩፋት ጆሯቸው ከደከመ ቆይቷል፤ ጥሩምባም፣ ማጉያም፣ የዛሬው ጉድም አልደረሳቸውም። ዱሮ ጋሽ ሮበሌ የቆርቆሮ በራቸውን በመዳፋቸው ጠንከር አድርገው ሲመቱት ነበር ንዝረቱ ገብቷቸው የሚወጡት። ዛሬም እንደዚያው መቱት።

እማማ ትሩፋት በሩን ከፍተው ማን እንደመጣ ሲያዩ፣ አንድ ቃል ሳይጠይቁ ነጠላቸውን ዘቀዘቁ።

"ማን ነው?" አሉ።

"እኔ ነበርኩ፣ እማማ" አሉ ጋሽ ሮበሌ። "ቀርቷል።"

"ማን?"

"እኔ!" ብለው በባዶ ድዳቸው ጮኹ። ከላይ ሰገነቱ ላይ ልብስ የምታሰጣ ሴት ዞር ብላ አየቻቸው።

እማማ ትሩፋት ከእግር እስከ ራሳቸው ተመለከቷቸው፤ ክንዳቸውንም ጨበጥ አድርገው ሥጋ መሆኑን አረጋገጡ። ከዚያ ፊታቸው በራ፤ ነጠላቸውን ወደ ደኅናው መለሱት።

"እሰይ። አንተ ከቀረህ ወዲህ እኮ፣ ሮበሌ፣ በዚህ ሰፈር ሰው መሞት የተወ መስሎኝ ነበር" አሉ። "ና ግባ። የግዛው እናትስ፣ ደህና ናት?"

ጋሽ ሮበሌ ገብተው አጠገባቸው መደቡ ላይ ተቀመጡ፤ እጃቸውንም ያዙ።